ስክሪኑ እስኪበራ

በቀል ኃጢአት ነው ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ዛሬም እሁድ እሁድ እሰማለሁ፤ ሰባኪውንም አከብራለሁ። ይህን ገጠመኝ የማጫውታችሁ ግን ተጸጽቼ አይደለም። ደስ ብሎኝ ነው። ቅር የሚለው ካለ ከዚሁ ይመለስ፤ አልቀየመውም።

ጥሩወርቅ እባላለሁ። የምኖረው ስማዳ፣ ወገዳ ከተማ ነው። ያን ጊዜ ባለትዳር ነበርሁ፤ ባሌ ሞላ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ እኔ ባቄላና ምስር ከገበሬ እየሰበሰብሁ እነግድ ነበር። አባቴ ሲሞት ነፋስ መውጫ ያለውን ቤቱን ለእኔ ተወልኝ። ሾፌሩ ሁሉ ጀሪካን ይዞ ነዳጅ ፍለጋ ሲንከራተት አይ ስለነበር፣ ቤቱን ሸጥሁና ከባሕር ዳር የኤሌክትሪክ መኪና ገዛሁ። ደብረ ታቦር ተቀምጬ መንዳት ተማርሁ፣ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ። ከዚያ ከወገዳ አርብ ገበያ፣ ከአርብ ገበያ ነፋስ መውጫ ሰው ማመላለስ ጀመርሁ።

ሞላ ሳቀብኝ። «እንደ ስልክ ቻርጅ የምትደረግ መኪና፣ ለዚያውም ስማዳ ላይ! በይ፣ ዳገት ላይ ስትቆምብሽ እኔን እንዳትጠሪኝ» አለ። ሰሌዳ በሚወጣበት ሰሞን ግን እኔ ታምሜ ተኝቼ ነበርና የሄደው እሱ ነው። ሊብሬው ላይ የራሱን ስም አስጽፎ ተመለሰ። ብጠይቀው፣ «ባልና ሚስት ነን፤ ምን ልዩነት አለው?» አለኝ። እኔም እውነት ብሎኛል ብዬ ተውሁት።

መኪናዋ ዳገት አላስቸገራትም። ጎርፍ የበላውን መንገድ ሁሉ ትወጣዋለች። አንድ አመል ግን አለባት፤ ቶሎ አትነሳም። የድሮ መኪና ቁልፉን ስታዞሩት ወይ ያጓራል ወይ አያጓራም፤ ካላጓራ ሰው ጠርታችሁ ታስገፉታላችሁ። ይህች ግን ፍሬን ይዤ ማስነሻውን ስጫን መጀመሪያ ዝም ትላለች። መሐል ላይ ያለው ትልቅ ስክሪን ጥቁር እንደሆነ ይቆያል። ቆይቶ የፋብሪካው ምልክት ይመጣል። ከዚያ አንዲት ትንሽ ቀለበት መዞር ትጀምራለች፤ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ከዚያ ደግሞ የቻይና ጽሑፍ ይደረደራል። ይህ ሁሉ አልፎ መሪው ፊት አረንጓዴ መብራት ካልበራ በቀር ማርሽ አይገባም፣ ጎማዋም አይላወስም። ከሁሉ የባሰው፣ በመሐሉ ትዕግሥት አጥቶ እንደገና ለተጫናት ሁሉን ትታ ከመጀመሪያው ትጀምርለታለች። ብዙ ቀን ቆማ ከከረመችማ መጠበቁ አይጣል ነው።

ጠዋት መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ ሞልቶ እኔ ያችን ቀለበት ሳይ ስንቴ እንባዬ መጥቷል! «ተበላሽታለች መሰለኝ» ይላል አንዱ። «ኧረ ጸሎት እያደረሰች ነው» ይላል ሌላው። ጸሎቷ ሳያልቅ ሌላው ዕቃውን አንጠልጥሎ ወደ ሚኒባሱ ይሻገራል። መጀመሪያ ሰሞን ደግሞ ልክ ስትነሳ አንዲት ሴት በቻይንኛ ሰላምታ ትሰጥ ነበር። አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጡ መነኩሲት ደንግጠው ካማተቡና ካልወረድሁ ካሉ ወዲህ ድምፁን አጠፋሁት። ከዚያ በኋላ ስትነሳ ምንም አይሰማም፤ የሞተር ድምፅ የላት፣ ጭስ የላት። ውጭ የቆመ ሰው ካልተንቀሳቀሰች በቀር መነሳቷን አያውቅም።

ከሞላ ጋር የተጣላነው በብዙ ነገር ነው፤ በሱ አላሰለቻችሁም። የጭነት መኪናው አርጅቶ ከቆመ በኋላ ሥራ ፈታ፤ ሥራ ሲፈታ ዓይኑ በእኔ መኪና ላይ አረፈ። ቤቱን ጥሎ እህቱ ዘንድ መኖር ጀመረ። አንድ አርብ ቀን አርብ ገበያ ላይ ተሳፋሪ ሞልቼ፣ ስክሪኑን ጠብቄ ጠብቄ፣ አረንጓዴው ገና ሲበራ በእኔ በኩል ያለው በር ተከፈተ። ሞላ ነው።

«ውረጂ» አለኝ።

«ምን ሆነሃል? ሰው ጭኛለሁ እኮ!»

«በስሜ ያለ መኪና ሴት አትነዳውም። ውረጂ አልሁሽ!»

ነጠላዬን አንገቴ ላይ ጨብጦ ጎተተኝ። መሪውን ያዝሁ፤ ጣቶቼን እያላቀቀ አወረደኝና አቧራው ላይ ጣለኝ። ገበያተኛው አህያውን እንደያዘ ቆሞ ያያል። ምስር የምገዛቸው ገበሬዎች ነበሩ፤ ልጇን ክርስትና ያነሳሁላት ሴት ነበረች። እሱ ተነስታ የቆየች መኪና አግኝቶ ነድቷት ሄደ፤ ተሳፋሪዎቼም አብረው ሄዱ። ምን ያድርጉ፣ ቤታቸው መግባት አለባቸው። ነጠላዬን አራግፌ ስነሳ ሰዉ ሁሉ ዓይኑን ከእኔ ላይ መለሰ፤ ይህ ከመውደቁ የበለጠ አንገበገበኝ። ያን ጊዜ ለራሴ ተሳልሁ፤ ይህ ሰው እኔ የቀመስኋትን ይቀምሳታል። ሕዝብ ፊት፣ በጠራራ ፀሐይ ይቀምሳታል።

በዚያው ዕለት ፍርድ ቤት ልሄድ ስል ሽማግሌ ገባብን። ዋናው መሪጌታ ይትባረክ ነበሩ፤ ቤተ ልሔም ከተባለው የዜማ ትምህርት ደብር ድጓ አስመስክረው የመጡ፣ ብዙ ደቀ መዝሙር ያፈሩ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። አብረዋቸው ነገር ቶሎ እንዲያልቅ የሚወዱት ገበሬው አያ ገበየሁና የጨርቅ ነጋዴው ሼህ እንድሪስ ነበሩ። ነገሩ እስኪያልቅ መኪናዋ በአደራ የኔታ ግቢ ደጅ ትቁም ተባለ። ሞላ ከአርብ ገበያ እንደነዳት፣ ሳያጠፋት አምጥቶ አቆማት፤ ሲያቆማት እንደ ጭነት መኪናው አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ፣ ጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገብቶ ነው። መስኮቷን እንኳ በደንብ አልዘጋውም። እዚያው አቧራ ለብሳ ከረመች። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር አንጀቴ ይቃጠል ነበር።

የመጨረሻው ጉባኤ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ሆነ። ሽማግሌዎቹ የኔታ ደጅ ግንድ ላይ ተቀመጡ፤ ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ሰውም ወሬውን ሰምቶ ስለነበር ወደ ቤቱ የሄደ የለም።

«መኪናዋን የገዛሁት እኔ ነኝ። ይኸው ሊብሬው» አለ ሞላ።

«ያባቴን ቤት ሸጬ ነው የገዛኋት» አልሁ።

«ምስክር አለሽ?» አሉኝ ሼህ እንድሪስ።

አልነበረኝም። ቤቱን የገዛኝ ሰው አገር ለቅቆ ሄዷል። መኪናዋን የሸጠልኝ የባሕር ዳር ነጋዴም ሱቁን ዘግቶ የት እንደገባ አይታወቅም። ሞላ ይህን ያውቅ ነበር።

«መስቀሉን ይስጡኝና ልማል፣ የኔታ» አለና ብድግ አለ።

ይምላል። አብሬው ስለኖርሁ አውቀዋለሁ፤ ዓይኑን ሳያሽ ይምላል፤ ከማለ ደግሞ በእኛ አገር ነገሩ አለቀ። መኪናዋም ሄደች፣ ያባቴም ቤት ሄደ፣ እኔም ባቄላ ለቀማዬ ላይ ባዶ እጄን ቀረሁ። የኔታ ግን መስቀሉን ከእጃቸው አላወጡም። ሞላን አዩትና፣ «መሐላው ይቆይ፤ አንቸኩል» አሉ።

ሞላ ተናደደ። «እሺ የሷ ናት እንበል! ይህን መንገድ ሴት ትነዳዋለች? ሰው ነው የምትፈጀው! ለእኔ መኪናዋን፣ ለሷ የቤቱን ዕቃና እህሉን ስጡንና እንለያይ።»

አያ ገበየሁ የዝንብ ጭራቸውን አነሱ። «እንዲያውም ጥሩ አልህ። ሁለታችሁም አስነሱና እስከ አስፋልቱ ድረስ ንዱልን። አስነስቶ የነዳ መኪናዋን ይውሰድ፤ ያቃተው ዕቃውን ይውሰድ። ሁለታችሁም ከቻላችሁ ያን ጊዜ ወደ መሐላው እንመለሳለን። ትስማማላችሁ?»

«እስማማለሁ!» አለ ሞላ ሳቅ እያለ።

«እስማማለሁ» አልሁ እኔም፤ እኔ ግን አልሳቅሁም።

ሞላ ገባ። ፍሬን ያዘ፣ ተጫነ። ዝም። እንደገና ተጫነ። የፋብሪካው ምልክት ብቅ አለ፤ ልክ ቀለበቷ መዞር ስትጀምር አሁንም ተጫነ። ስክሪኑ ጠቆረ። እኔ እጄን አጣምሬ ቆሜ አየዋለሁ። አንድ ቃል ብነግረው ይበቃው ነበር፤ «አትንካት፣ ጠብቃት» ብለው ይበቃው ነበር። ስላልጠየቀኝ አልነገርሁትም። ቢጠይቀኝም አልነግረውም ነበር።

«ባትሪዋ ሞቷል!» ብሎ ወረደና የፊቱን ክዳን ከፈተ። ጎንበስ ብሎ ወዲያ ወዲህ አየ። ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው ሞተር እዚያ የለም።

«ምን ጠፋብህ ሞላ?» አለው አንዱ።

ክዳኑን ደብድቦ ዘጋው። «እናንተ፣ ኑ ግፉልኝ! ቁልቁል ነው፤ ስትንደረደር ትነሳለች!» ጎማው ሥር ያስገባውን ድንጋይ በእግሩ ገፍቶ አወጣና መሪው ላይ ተቀመጠ። ጎረምሶቹ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከኋላ ተደገፉ። ሆ! ብለው ገፉ። ሆ! ብለው ደገሙ። ጎማው ተቆልፏልና ንቅንቅ አላለችም። አንዲት ምላሰኛ ሴት ከአጥሩ ጥግ ሆና፣ «ሞላ፣ በሬ ይምጣልህ? የኛ በሬ ለእሁድ ሥራ ፈት ነው» ብትል ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ጎረምሶቹም መግፋቱን ትተው ይስቁ ጀመር። የሞላ የአንገቱ ደም ሥር ሲገታተር ከቆምሁበት ይታየኝ ነበር።

«በቃ ውረድ። እሷ ትሞክር» አሉ አያ ገበየሁ።

የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሱ። «እኔ አጠገቧ እቀመጣለሁ። ነካክታ አበላሸች እንዳይባል» አሉና ገብተው በሩን ዘጉ። እኔም ገባሁ፤ አማተብሁ፤ ፍሬን ይዤ አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንሁና እጄን ጭኔ ላይ አሳረፍሁ።

ስክሪኑ ጠቁሮ ቆየ። ምልክቱ መጣ። ቀለበቷ መዞር ጀመረች። ቆማ ስለከረመች እንደሚዘገይ አውቃለሁ፤ እንዲህ ግን ዘግይታብኝ አታውቅም። በዚያ ላይ ሞላ ደጋግሞ አቋርጧታል። ውጭ የነበረው ጫጫታ ቀስ በቀስ ጋብ አለ፤ ቀጥሎ ማጉረምረም መጣ። «እሷም አልቻለችም» የሚል ሰማሁ። ቀለበቷ ድንገት ቆመች። ጣቴ ወደ ማስነሻው ሊሄድ ይለኛል፤ ከነካሁ አለቀልኝ፤ ከመጀመሪያው ትጀምራለች፤ አያ ገበየሁም እስከዚያ አይታገሡኝም። እጄን በእጄ ያዝሁ። መንጃ ፈቃዴ፣ ያባቴ ቤት፣ ያ የአርብ ገበያ አቧራ ሁሉ በዓይኔ ላይ ዞረ።

«አያችኋት?» አለ ሞላ፤ ድምፁ በመስኮቱ ክፍተት ይገባል። «ሴት ናት ብያችሁ ነበር!»

ቀለበቷ መዞር ቀጠለች።

ያች ምላሰኛ ግን አለቀቀችውም። «አንተስ ምን አደረግህ? ደግሞስ ገዢው አንተ አይደለህ? ይህችን ነው በስንት ልፋት የገዛሃት?»

ሰዉ ሳቀ። አንድ ሽማግሌ ገበሬም ጣል አደረጉ፤ «ሾፌር ነኝ እያለ እየኖረ የማትነሳ መኪና ሸጡለት? አህያ ብትገዛ ቢያንስ ስትመታት ትሄዳለች!»

ሳቁ ከፍ አለ። ልክ በዚህ መሐል መሪው ፊት አረንጓዴው መብራት በራ። ስክሪኑ ላይ የመኪናዋ ሥዕል ወጣ። ድምፅ የለ፣ ንዝረት የለ፤ ውጭ ያለው ሰው ምኑንም አላወቀም። እጄን ወደ ማርሹ ላክሁ።

«እኔን ማንም አያታልለኝም!» ሲል ሰማሁት ሞላን። ድምፁ ይንቀጠቀጣል። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ። ሞላ ረኀብ ይችላል፣ ብርድ ይችላል፣ ሳቅ ግን አይችልም። የሳቁበት ጊዜ አፉ ያገኘውን ይናገራል።

እጄን ከማርሹ ላይ መለስሁ።

የኔታ አረንጓዴውን አዩት፤ ቀጥለው እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ይህ ነገር በርቶ ነው?» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«በርቷል፣ የኔታ።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

«እሱ እስኪጨርስ።»

አሁን ይናገራሉ ብዬ ፈራሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ እውነት መናገር አለባቸው። የኔታ ፊታቸውን ወደ ፊት መልሰው መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ።

ውጭ ሳቁ እየባሰ ሄደ። «ደግሞ በስምህ አስጻፍሃት አሉ! ምነው ሞላ፣ ይህችን ጉድ በስምህ ታስጽፋለህ?» አለ አንዱ ጎረምሳ።

ያን ጊዜ ፈነዳ።

«ኧረ ተዉኝ! እኔ ይህችን ዕቃ መች ገዛኋት! ባሕር ዳር ድረስ ብቻዋን ሄዳ ተታልላ የመጣችው እሷ ናት! ተይ፣ ያባትሽን ቤት ሸጠሽ የልጅ መጫወቻ አትግዢ እያልሁ ለምኛታለሁ! እምቢ አለችኝ! የኔ እጅ የለበትም፤ ሞኟ እሷ ናት፣ በእኔ ላይ ምን ያስቃችኋል!»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሼህ እንድሪስ ከግንዱ ላይ ቀስ ብለው ተነሱ።

«ቆየኝ ሞላ፤ በደንብ ልስማህ። ያባቷን ቤት ሸጣ ነው የገዛቻት አልህ?»

«አዎን! አገር ያውቃል! እኔ እንኳን ልገዛት በነጻ ቢሰጡኝ...»

የተናገረው ነገር ወደ ጆሮው ሲመለስ ፊቱ ላይ አየሁት። ወደ ሊብሬው አየ፤ እጁ ውስጥ ነው። ወደ ሽማግሌዎቹ አየ። አያ ገበየሁ ወደ ሕዝቡ ዞሩ።

«ሰማችሁ ወይ?»

«ሰማን!» አለ ሰዉ ሁሉ ባንድ ላይ።

«አሁን ንጂ፣ ልጄ» አሉኝ የኔታ።

ማርሹን አስገባሁ። መኪናዋ ያለ አንዳች ድምፅ ስትንቀሳቀስ ከፊቷ የቆሙት እየጮሁ ተበተኑ፤ እልልታም ተሰማ። ሞላ አጠገብ ስደርስ አቆምሁ። በመስኮቱ ክፍተት ጎንበስ ብሎ ከመሪው ፊት ያለውን አረንጓዴ አየ።

«በርቶ ነበር እንዴ?» አለኝ፤ ድምፁ የልጅ ሆኗል።

«ከቅድም ጀምሮ» አልሁትና እስከ አስፋልቱ ነዳኋት። ስመለስ እሱ እዚያ አልነበረም። ሕዝቡ መሐል ሲያልፍ ዓይናቸውን መለሱበት አሉኝ። እንኳንም መለሱበት።

ሊብሬው በስሜ ዞረ፤ ተፋታን። ሞላ ወደ እስቴ ሄዶ የሰው መኪና ይነዳል ሲሉ እሰማለሁ። እኔ ዛሬም በዚያው መንገድ ላይ ነኝ። መኪናዋም ዛሬም ትዘገያለች፤ ተሳፋሪውም ዛሬም ያጉረመርማል፤ እኔ ግን እንደ ድሮው አላለቅስም። ድሮ ሰው ሲናገረኝ ቶሎ የምመልስ፣ ቶሎ የምንጨረጨር ሴት ነበርሁ፤ ሞላም ሁልጊዜ የሚያሸንፈኝ በዚያ ነበር። አሁን ጠበኛ ሲመጣብኝ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አየዋለሁ። ብዙዎቹ ራሳቸው ተናግረው ራሳቸው ይጨርሱታል።

ከእናንተ ከአንባቢዎች ውስጥ፣ «መኪናዋ መነሳቷን መናገር ነበረብሽ፤ ይህ ተንኮል ነው» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ማን ጠየቀኝና? እሱ እኔን ጎትቶ አቧራ ላይ ሲጥል ሕዝቡ ቆሞ አይቷል፤ እኔ እሱን በጣቴ እንኳ አልነካሁትም። ቁጭ ብዬ ብቻ ጠበቅሁት። ይቅር በይው የሚሉኝም አሉ፤ ሲደርስ እላለሁ፤ እስካሁን አልደረሰም።

የኔታን ግን አንድ ጊዜ በጾም ሰሞን ቤታቸው ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። «የኔታ፣ ያን ቀን አረንጓዴውን አይተው ለምን ዝም አሉ?»

«እውነቱን ሳያወጣ ብትነጂ ኖሮ ተመልሶ መስቀሉን ይጠይቅ ነበር፤ ብሰጠው በሐሰት ምሎ ነፍሱን ያጣት ነበር» አሉኝ። «አሁን ያጣው መኪና ብቻ ነው። ለሱ ብዬ ነው።»

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ። እሳቸው ለነፍሱ አስበውለት ነው። እኔ ግን ስለ ነፍሱ አላሰብሁም።